አንድ ጠርሙስ፣ 47 ምላሽ

በአንድ የኢንተርኔት የወይን መድረክ ላይ የተነሳው ጥያቄ አጭር ነበር። ሰውየው አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን አለው። የፖያክ ነው፤ በፈረንሳይ ቦርዶ፣ በወንዙ ግራ ዳርቻ ካሉት ስመ ጥር መንደሮች የአንዱ። ምርቱ የ1996 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ልጁ የተወለደችው በዚያ ዓመት ስለሆነ ታላቅ ወንድሙ ለእሷ መታሰቢያ ብሎ የሰጠው ነው። ልጅቷ ከሦስት ሳምንት በኋላ ትመጣለች። አሁን ይክፈተው ወይስ ገና ይቆይ? ከከፈተውስ ከመጠጣቱ ስንት ሰዓት ቀደም ብሎ? ዲካንተር በሚሉት ሆደ ሰፊ ዕቃ መገልበጥ አለበት? ፎቶም አያይዟል። የጠርሙሱን መለያ በአውራ ጣቱ ሸፍኖታል። የየትኛው ሻቶ፣ ማለትም የወይን እርሻ፣ እንደሆነ እስከ መጨረሻው አልተናገረም። ወይኑ ግን እስከ አንገቱ ሥር ሞልቶ ይታያል።

ክሩን፣ ከጥያቄው ሥር የተደረደሩትን ምላሾች፣ ከላይ እስከ ታች ተከታትዬዋለሁ። አንዴ ብቻ ጣልቃ ገብቻለሁ፤ ቁጥር 13 እኔ ነኝ። ያለፈው ሳምንት ግማሽ እንቅልፌ በዚህ ነው የሄደው፣ እናንተን ላሳርፍ።

ቁጥር 1 ሰላምታ የሚያበዛ ሰው ነው። ለልጅቷ መልካም ጉዞ ተመኝቶ ሲያበቃ፣ ጠርሙሱ እስከ ዛሬ የት ሲቀመጥ እንደነበረ ጠየቀ። በክሩ ውስጥ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁሉ ዋናው ይኸው ነበር፤ ግን ለጊዜው ማንም ልብ አላለውም። ቁጥር 2 ከተፍ ብሎ ወይን ባረጀ ቁጥር እየጣፈጠ እንደሚሄድ፣ ስለዚህም ሌላ 20 ዓመት መጠበቅ እንደሚሻል ጻፈ። ቁጥር 3 ይህን አላሳለፈችም። በዓለም ከሚመረተው ወይን አብዛኛው በወጣ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ መሆኑን አስረዳች። ምሳሌዋ ቦዦሌ ኑቮ የሚባለው የፈረንሳይ ቀይ ወይን ነው። በየዓመቱ በኖቬምበር ሦስተኛው ሐሙስ ይወጣል፤ ከተለቀመ ገና ሁለት ሦስት ወሩ ነው። እሱን ምድር ቤት ቆልፎ ተአምር መጠበቅ ከንቱ ነው ባይ ናት። ማርጀት የሚያምርባቸው ጥቂቶች ናቸው። ካበርኔ ሶቪኞ ከሚባለው የወይን ዘር የሚሠራው የግራ ዳርቻው ወይን ከእነሱ አንዱ ነው፤ 1996ም ለዚያ አካባቢ ጠንካራ ዓመት ነበር። ቁጥር 2 መታረሙን በደስታ ተቀብሎ አመስግኖ ወጣ። እንዲህ ያለ ጨዋነት ከቁጥር 10 ወዲህ ፈልጋችሁ አታገኙም።

ቁጥር 4 አስተማሪ ቢጤ ነው። ረጅም ጻፈ፤ ግን ይነበባል። ታኒን የሚባለው፣ ሻይ ብዙ ሲዘፈዘፍ ምላስ የሚያደርቀው ዓይነት ነገር፣ ከወይኑ ልጣጭና ዘር ይመጣል። ወይኑ ልጅ ሳለ ድድ ጨምድዶ ይይዛል። ዓመታት ሲያልፉ ታኒኖቹ እርስ በርስ፣ ከቀለሙም ጋር እየተያያዙ ይከብዳሉ። ሲከብዱ ወደ ታች ይዘቅጣሉ። ጠርሙሱ ውስጥ የምናየው አተላ እሱ ነው። ቀይ ወይን ሲያረጅ የሚገረጣውም ለዚህ ነው፤ ከሐምራዊ ተነስቶ ወደ ጡብ ቀለም ይሄዳል። ነጩ ደግሞ በተቃራኒው እያደር ይጠቁራል። የፍሬው ሽታ ይርቅና በቦታው ቆዳ፣ ትምባሆ፣ ዝናብ የመታው የደረቀ ቅጠል ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ የወደድኩለትን ነገር ጨመረ። ይህን ሽታ የማይወድ ሰው መጠበቁ አይጠቅመውም፤ አሮጌ ወይን መውደድም ግዴታ አይደለም።

በቁጥር 5 ጠያቂው ተመለሰና የቁጥር 1ን ጥያቄ መለሰ። ጠርሙሱ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት ያሳለፈው ቁም ሣጥን አናት ላይ ነው፤ ቆሞ። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ሥር ባለች ጨለማ ማስቀመጫ ውስጥ ተኝቶ ከርሟል።

ቁም ሣጥን አናት! ቁጥር 6 ራሱን የያዘ ይመስለኛል። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከክፍሉ ሁሉ የሚሞቀው እዚያ መሆኑን አስታወሰ። ጠርሙስ ብዙ ዓመት ሲቆም ደግሞ ቡሹ ይደርቃል። ወይን የሚመቸው ከ12 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እርጥበቱም ወደ 70 በመቶ የሆነ ጨለማ ቦታ ነው። ከሙቀቱ ይልቅ መዋዠቁ ይብሳል፤ ሲሞቅ ወይኑ አብጦ ቡሹን ይገፋል፣ ሲበርድ ተሰብስቦ አየር ይስባል። ደግነቱ ቁጥር 7 ፎቶውን አጉልታ አይታዋለች። ወደ ሠላሳ ዓመት በሚጠጋ ጠርሙስ ውስጥ ወይኑ አንገት ሥር መገኘቱ ቡሹ እንዳልከዳ ምልክት ነው። ትከሻው ላይ ወይም ከዚያ በታች ወርዶ ቢሆን ነበር የሚያሳስበው። ቡሹ ወደ ላይ ተገፍቶ እንደሆነ፣ ከላይ ያለው ቆርቆሮ ሥር የሚያጣብቅ ነገር ወርዶ እንደሆነ በጣቱ ዳሶ እንዲያይ ነገረችው። ዳሰሰ። ደረቅ ነው።

8 እና 9 ጠርሙሱን ትተው ስለ ፖያክ ማውራት ጀመሩ። አንዱ አምስቱ የቦርዶ የአንደኛ ማዕረግ ሻቶዎች በ1855 እንደተሰየሙ ጻፈ። ሌላው አረመው፤ በ1855 የተሰየሙት ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎ እና ኦ ብሪዮን ሲሆኑ ሙቶን የተጨመረው በ1973 ነው። ትክክል ነው፤ ግን ለሰውዬው ምን ይጠቅመዋል?

አሁን ወደ ጦርነቱ። ቁጥር 10 ብዙ የከፈተ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። መሆኑንም ሰው እንዲያውቅለት ይፈልጋል። ምክሩ ወይኑን ከመጠጣቱ አራት ሰዓት ቀደም ብሎ ዲካንተር ውስጥ መገልበጥ ነው። ቁጥር 11 ይህን ነፍስ ማጥፋት አለው። በዕድሜ የገፋ ወይን መዓዛው ስስ ነው፤ አራት ሰዓት ሙሉ አየር ላይ ቢሰጡት ልጅቷ ወንበር ስባ ሳትቀመጥ ተኖ ያልቃል ባይ ነው። ምስክር አድርጎ የጠራው ኤሚል ፔይኖን ነው። ፔይኖ የቦርዶን ወይን አሠራር ከለወጡት ሊቃውንት አንዱ ሲሆን አቋሙ ግልጽ ነበር። አተላ ካለው ልክ ሊቀዳ ሲል ይገልበጥ፤ አተላ ከሌለው ጭራሽ አያስፈልገውም። ቁጥር 12 በበኩሉ የጣሊያኑን ቀይ ወይን ባሮሎን አነሳ። በሕጉ መሠረት ባሮሎ ቢያንስ 38 ወር ይቆያል፤ ከዚያ ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል። ያም ሆኖ ሲወጣ ድድ ይነክሳል፣ ጥቂት ሰዓት በዲካንተር ሲቆይ ግን ይለዝባል።

ሦስቱም የሚያወሩት ስለ ተለያየ ወይን ነው። ይህን ለማለት ነው ቁጥር 13 ላይ የገባሁት፤ ግን እንደ ልማዴ ስለ ራሴ አወራሁ። ሁለት ጠርሙስ ባሮሎ ነበረኝ፣ አንድ ዓይነት። የመጀመሪያውን በአምስት ዓመቱ ከፈትኩት። አፌ እንደ ካርቶን ደረቀ። ግማሹን ቡሹን መልሼ ተውኩት። በማግሥቱ ማታ ሳልጠብቅ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ሸተተኝ፤ ያ ሁሉ ንክሻ ሰክኗል። አሃ፣ መጠበቅ ነው ሚስጥሩ ብዬ ሁለተኛውን አስቀመጥኩ። የት? ፍሪጅ ጎን። የፍሪጅ ሞተር ሙቀቱም ንዝረቱም ለወይን ደግ እንዳልሆነ መቼ ጠየቅኩ? ከአሥር ዓመት በኋላ ስከፍተው መልኩ የተረሳ ሻይ ነበር፤ ሽታው ተቆርጦ የዋለ ፖም። ወደ ማጠቢያው ሳፈሰው እጄ ተንቀጥቅጧል። ሁለት ስለነበሩኝ ነው አንዱን በደንብ የቀመስኩት። ጠያቂው ግን አንድ ብቻ ነው ያለው። አንድ ጠርሙስ ብቻ ያለው ሰው ትንሽ ቀደም ቢል ይሻለዋል ብዬ ጨረስኩ። ቶሎ የተከፈተ ወይን ብርጭቆ ውስጥ ጊዜ ይሰጡታል፤ ያለፈበትን ማን ይመልሰዋል?

ቁጥር 14 በሦስት ዓረፍተ ነገር ገላገለችን። ዲካንተር ሁለት የተለያየ ሥራ አለው። ለወጣት ወይን አየር መስጫ ነው፤ ለአሮጌ ወይን አተላ መለያ ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ነው የሚጣላው።

እዚህ ላይ ቢበቃ ጥሩ ነበር። አልበቃም። ቁጥር 15 ቀልድ ይሁን ቁም ነገር እስካሁን ያልገባኝን ነገር አመጣ፤ ወይኑን በብሌንደር መምታት። ሐሳቡ የራሱ አይደለም። የማይክሮሶፍት የቴክኖሎጂ ኃላፊ የነበረውና በኋላ በማዕድ ቤት ሳይንስ የታወቀው ናታን ሚርቮልድ በ2011 ያቀረበው ነው። ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ መምታት፣ አረፋው እስኪጠፋ መጠበቅ፣ መቅዳት። ቁጥር 16፣ ማለትም ያው የቁጥር 10ሩ ሰውዬ፣ ደሙ ፈላ። እስከዚያ ድረስ ሁሉንም አንተ ሲል የነበረው ሰው በአንድ ጊዜ እርስዎ ማለት ጀመረ። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይህ እርስዎ የአክብሮት እንዳልሆነ ያውቃል። ቁጥር 15 ብሌንደሩ ስንት ሰዓት እንደሚቆጥብ አስልቶ መለሰለት። ቁጥር 17 ሁለቱን አልፎ፣ ቡሹን ነቅሎ ጠርሙሱን እንዲያው ማቆም ወይኑን እንደማያስተነፍሰው አስታወሰ። አንገቱ ውስጥ አየር የሚነካው ወለል ከአንድ ሳንቲም አይሰፋም። ብርጭቆ ውስጥ ማዞሩ ከዚያ ይበልጣል።

18 ስድብ ስለነበረ ተሰርዟል።

19 ላይ አንዲት ሴት ሁሉም የረሳውን ጠየቀች። ለመሆኑ ቡሹን በምን ሊያወጣው ነው? ሠላሳ ዓመት የተጠጋው ቡሽ ጠምዛዛ መክፈቻ ሲገባበት ይፈረፈራል፣ ወይም ወገቡ ላይ ይቆረጣል። የእሷ ምክር ሁለት ቀጫጭን ምላስ ያለው መክፈቻ ነው። ምላሶቹ በቡሹና በጠርሙሱ መሐል በግራ በቀኝ እየተወዘወዙ ይሰርጋሉ፤ ከዚያ እያዞሩ ቀስ አድርጎ መሳብ ነው። ቡሹ አይበሳም። ቁጥር 20 ፍርፋሪ ከገባበት ወይኑ ቡሽ ሸተተ እንዳይባል ፈርቶ ነበር። 21 አረመችው። ፍርፋሪ ጉዳት የለውም፤ ይለቀማል ወይም ይጠለላል። ቡሽ ሸተተ የሚባለው ሌላ ነገር ነው። ቲ ሲ ኤ በሚባል ውህድ የሚመጣ፣ እርጥብ ካርቶንና ሻጋታ የሚሸት። በአንድ ሊትር ውስጥ ጥቂት ናኖግራም ከበቂ በላይ ነው። እሱን ዲካንተርም፣ ጊዜም፣ ጸሎትም አያድነውም። ጸሎቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

22 አጋዥ ሐሳብ ይዞ መጣ፤ ሳይከፍቱ መቅመስ። በ2013 ገበያ ላይ የዋለው ኮራቪን ቀጭን መርፌ በቡሹ አሳልፎ ትንሽ ይቀዳል፤ በቦታው አርጎን ጋዝ ይሞላል። መርፌው ሲወጣ ቡሹ ራሱ ይገጥማል። ብልህ ነገር ነው። 23 ግን አንድ ነጥብ ጣለ። ቡሽ የሚገጥመው ስለሚለጠጥ ነው። ቁም ሣጥን አናት ላይ ስድስት ዓመት የደረቀ ቡሽ መለጠጡን ማን ያውቃል? ጠያቂው በ24 አመስግኖ አልሞክረውም አለ። በዚያው ልጁ ጉዞዋን በአንድ ሳምንት እንዳዘገየች አሳወቀ።

ከ25 እስከ 32 ያለው ጨዋታ ነው። ነጭ ወይን ይቆያል ወይ ተባለ። ጥሩ ሪዝሊንግና ሶተርን አሥርት ዓመታት እንደሚቆዩ ተመሰከረ። ሌላው ስለ ነጭ ቡርጎኝ አለቀሰ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ምርት ጀምሮ ብዙ ጠርሙስ ያለ ዕድሜው ቡናማ እየሆነ ተበላሽቷል፤ ምክንያቱ አንድ ነው የሚል ሰው እስካሁን የለም። ትልቁ ጠርሙስ፣ ማግነሙ፣ 1.5 ሊትር ስለሚይዝና ለወይኑ መጠን የሚደርሰው አየር ስለሚያንስ ቀስ ብሎ እንደሚያረጅም ተነገረ።

ከሁሉ የያዘኝ ቁጥር 29 ነው። በ2010 በባልቲክ ባሕር፣ በኦላንድ ደሴቶች አጠገብ፣ ጠላቂዎች ሃምሳ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ አንድ የሰመጠች መርከብ አገኙ። ውስጧ 168 የሻምፓኝ ጠርሙስ። ወደ 170 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ፣ ጨለማ፣ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ብርድ። የቀመሱት ባለሙያዎች መጀመሪያ ያሸተታቸው የእንስሳ ጠረንና እርጥብ ፀጉር ነበር። ብርጭቆውን ሲያዞሩትና አየር ሲያገኝ ግን ቅመም፣ ጭስ፣ ቆዳ፣ ከዚያም አልፎ የፍሬና የአበባ ሽታ መጣ። ቁጥር 29 ይህን የጻፈው ለወሬ አልነበረም። የመጀመሪያው ሽታ መጥፎ ሆነ ብላችሁ አትድፉት ማለቱ ነው። ምክሩ በኋላ ለጠያቂው ሲጠቅመው አይቻለሁ።

30 ደግሞ ሁለት የጋዜጣ የወይን አምደኞች፣ ዶሮቲ ጌይተርና ጆን ብሬከር፣ የፌብሩዋሪን የመጨረሻ ቅዳሜ ያችን ጠርሙስ የመክፈቻ ማታ ብለው እንደሰየሙት አስታወሰች። ሰው ሁሉ መቼም የማይከፍታት አንዲት ጠርሙስ አለችው። 33 ላይ አንዱ ይህን ይዞ ጠያቂውን ሸነቆጠው፤ ስድስት ቀን ሙሉ የሚጠይቀው ላለመክፈት ሰበብ ፍለጋ ነው ብሎ። ጠያቂው በአንድ መስመር መለሰ። ወንድሙ ከሁለት ዓመት በፊት አርፏል። ከዚያ በኋላ ለአንድ ቀን ያህል ማንም አልጻፈም።

ዝምታውን የሰበረችው ቁጥር 7 ናት፤ በቁጥር 35። ለማጽናናት ብዙ አልደከመችም። የሚሠራውን ነገረችው። ጠርሙሱን ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ማቆም፣ አተላው ተሰብስቦ ሥሩ እንዲተኛ። ከሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መክፈት። አንድ ጣት ያህል ቀድቶ መቅመስ። ጥሩ ከሆነ፣ ሰውም ጥቂት ከሆነ፣ ከጠርሙሱ ቀስ እያሉ መቅዳት ይበቃል። ከደፈረሰ ወይም መዓዛው አልወጣ ካለ ወደ ዲካንተር። ያኔ አንገቱ ሥር ሻማ ወይም የእጅ ባትሪ አብርቶ፣ ጠርሙሱን በአንድ ትንፋሽ፣ እጅ ሳይመልሱ ማዘንበል። መጀመሪያ ጥርት ያለ ቀይ ያልፋል። መጨረሻ ላይ እንደ ጭስ ያለ ክር አንገቱ ውስጥ ሲገባ ማቆም። የቀረው ይቅር። ቁጥር 10 እንኳ አልተቃወመም። ከአራት ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት መውረዱን ግን ሳይናገር አላለፈም።

ቁጥር 41 የማታው ሪፖርት ነው። ቡሹ ወገቡ ላይ ተቆረጠ። የላይኛው ግማሽ ወጣ፤ የታችኛውን በሁለት ምላሱ መክፈቻ ሩብ ሰዓት ታግሎ አወጣው። ቡሹ ከጎኑ ደረቅ፣ ከሥሩ ጥቁር ሐምራዊ። መጀመሪያ የሸተተው ተዘግቶ የከረመ ክፍል ነው። ልቡ ቁልቁል ወረደ። ከዚያ የሻምፓኙን መርከብ አስታውሶ ታገሠ። አልገለበጠውም፤ ሁለት ብርጭቆ ብቻ ቀድቶ ተወው። በሃያ ደቂቃው እርሳስ ሲቀረጽ የሚሸተው እንጨት መጣ። በአንድ ሰዓቱ ከዚያ ቀደም ቀምሶት የማያውቀው ነገር ሆነ፤ ምን እንደሆነ ሊገልጽ ሞክሮ ተወው። ከሁለት ሰዓት በኋላ እየሳሳ ሄደ። ልጁ አያቷ የነበሩበት ቤት የመጽሐፍ ሣጥን ይሸታል አለች አሉ። ሥሩ የቀረውን ሁለት ጣት አተላ አልደፉትም፤ በሌላ ብርጭቆ አድርገው ጠረጴዛው ላይ፣ ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ፊት አስቀመጡት።

42 እና 43 እንኳን ደስ አላችሁ ነው። 44 ላይ ቁጥር 10 ተመልሶ፣ በሁለት ሰዓት የሚሳሳ ወይን ያ የቁም ሣጥን ሙቀት ያደከመው መሆኑን አስረዳ። ሊሆን ይችላል። 45 ላይ ቁጥር 11 ታዲያ በአራት ሰዓት ምን ይተርፍ ነበር ብሎ ጠየቀው። ቁጥር 10 አልመለሰም፤ ለእሱ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

46 አዲስ ሰው ነው፤ ከላይ ያለውን አንዱንም አላነበበም። ዲካንተሩ ሥር የቀረውን ቀይ እድፍ በምን እንደሚያስለቅቅ ነው የሚፈልገው፤ እጁ አይገባም፣ ብሩሽም አይደርስም። 47 ሳሙና እንዳያስነካ፣ ሽታው እንደሚቀር፣ ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ኮምጣጤ ጨምሮ ጥቃቅን የብረት ኳሶች ውስጡ እንዲያሽከረክር፣ ከዚያ ዘቅዝቆ እንዲያደርቅ ነገረው። ቁጥር 10 አሁን እየጻፈ ነው ይላል፤ አምስት ደቂቃ ሆነው።